በአባቴ ዕድሜ ጡረታ የወጣሁበት ስብሰባ

ይህ ኮሚቴ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው የሆንኩትን እኔን ዘጠና አንድ ዓመትህ ነው ብሎ ጡረታ አወጣኝ። ያም ሳያንስ የእጅ ጽሑፍህ ጥሩ ስለሆነ የወጣህበትን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አንተው ጻፍ አለኝ። የተሠራብኝ በደል ይኸው ነው። ጻፍ የተባልኩትንም ጽፌአለሁ።

ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ቦታ፦ ናዝሬት፣ የምሥራቅ በር ዘይት መጭመቂያ ፋብሪካ፣ የኮምፒዩተር ክፍል። የመሰብሰቢያ አዳራሹ ባዶውን ነበር። ይሁን እንጂ በፋብሪካው ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ይህ ክፍል ብቻ በመሆኑ ኮሚቴው ሙቀቱ ከጀመረ ወዲህ ሌላ ቦታ ተሰብስቦ አያውቅም።

የተገኙ አባላት፦

1. ጓድ ሰብስቤ ኃይለጊዮርጊስ፣ የፋብሪካው የፖለቲካ ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. ጓድ ጉዲቱ ሮባ፣ ከጠርሙስ ሙሌት ክፍል፣ የሴቶች ተወካይ
3. ጓድ ራህመቶ ሄራሞ፣ ከቦይለር ክፍል፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ
4. ጓድ ንዋይ ካሣ፣ በወዳጅ አገር የሠለጠኑ የኮምፒዩተር ባለሙያ
5. ዘገዬ ይርጋለም፣ የማሽኑን የቀን ስሌት የሠራ፣ ድምፅ የሌለው ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ ጓድ ሱሩር ከግዥ ክፍል፤ ሞጆ ላይ የመኪና ጎማ ስለፈነዳባቸው።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጦ፣ መፈክር ተሰምቶ፣ ስብሰባው ተከፈተ።

ከመከፈቱ በፊት ስለ ጫማ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የናዝሬት አቧራ ማሽኑን እንዳይጎዳ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ ጫማውን በር ላይ እንዲያወልቅ ደንብ አለ። ጓድ ሰብሳቢ ደንቡ አመራርን እንደማይመለከት ገለጹ። ጓድ ንዋይ፣ አቧራው አመራርን ከተራ ሠራተኛ እንደማይለይ በትሕትና አስረዱ። ጓድ ሰብሳቢ አወለቁ። የቀኝ እግር ካልሲያቸው ከአውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ጓድ ራህመቶ፣ «እኔ ካልሲም የለኝ፤ እግሬ ራሱ አቧራ ነው፤ እሱንም ላውልቀው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ለልዩ ልዩ ጉዳዮች ተላለፈ። በክፍሉ ያለችውን አንዲት ነጭ ካፖርት ጓድ ሰብሳቢ ለበሱ።

አጀንዳ አንድ፦ ማሽኑ የፋብሪካውን ሠራተኛ በሙሉ «ጡረተኛ» ብሎ ስለማተሙ

ጓድ ንዋይ ሪፖርት አቀረቡ። እንደ ሪፖርቱ፣ የእያንዳንዱ ሠራተኛ መረጃ በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው በመለያ እየተከፈተ በመለያ እየተዘጋ ነው። «የሠራተኛው» የሚል መለያ ይከፈትና የልደት ዘመኑ፣ ሥራው፣ የትዳር ሁኔታው፣ በሕይወት መኖሩ ሰፍሮ ይዘጋል። «የአባት» የሚለው መለያም እንዲሁ ይከፈትና የአባትየው ልደት፣ ሥራ፣ ትዳርና በሕይወት መኖር ሰፍሮ ይዘጋል። በሁለቱም ውስጥ «ልደት» የሚል ነገር ስላለ፣ ማን የማን እንደሆነ የሚታወቀው በውጭኛው መለያ ብቻ ነው።

ከማሽኑ ጋር ከውጭ የመጣ የአቀማመጥ ትእዛዝ አለ። በወረቀቱ ላይ ምን የት እንደሚታተም የሚያዘው እሱ ነው። ትእዛዙ ግን ጳጉሜን አያውቅም፤ ዓመት ለእሱ አሥራ ሁለት ወር ነው። ስለዚህ ዕድሜ ማስላት ሲፈልግ የሠራተኛውን መረጃ ጸሐፊው ለሠራው የቀን ስሌት ያስረክባል፤ ስሌቱ ዕድሜውን ሠርቶ ከሥራው፣ ከትዳሩና ከሌላው መረጃ ጋር ይመልስለታል። ይህ ርክክብ ለሁለት ዓመት ያለ ችግር ሲሠራ ቆይቷል።

ጓድ ንዋይ እዚህ ላይ ትንሽ አመነቱ። ከዚያም ባለፈው ወር ይኸው ኮሚቴ ሁለት ውሳኔዎች ማሳለፉን አስታወሱ። አንደኛው፣ የመደብ ጀርባ ከግለሰብ ስለሚቀድም የአባት መረጃ ከሠራተኛው መረጃ በፊት ይቀመጥ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መለያ የቢሮክራሲ ቅሪት ስለሆነና ቴፕ ስለሚያባክን፣ በርክክብ ጊዜ መለያዎቹ ሁሉ ተነቅለው ዋጋው ብቻውን ይተላለፍ የሚል ነው። ሁለቱንም ሐሳብ ያቀረቡት ጓድ ሰብሳቢ ነበሩ። በተለይም፣ «የመክፈቻውን መለያስ እሺ፤ አንዴ የተከፈተን ነገር መልሶ መዝጋት ምን ይባላል?» ብለው እንደነበር ከባለፈው ቃለ ጉባኤ ተነበበ።

ውጤቱ፦ ስሌቱ መጀመሪያ የደረሰውን ልደት የሠራተኛው ነው ብሎ ተቀበለ። የደረሰው ግን የአባት ልደት ነበር። በመሆኑም ፋብሪካው ውስጥ ከሃምሳ አምስት ዓመት በታች የሆነ ሰው ጠፋ።

ጓድ ጉዲቱ፣ «ማል ጄታ? ምን እያልክ ነው? እኔ ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው? ቤት ጡት የሚጠባ ልጅ ትቼ ነው የመጣሁት!» አሉ። ጓድ ሰብሳቢ ስሜታዊነት ተገቢ አለመሆኑን አሳሰቡ።

ጓድ ራህመቶ ነገሩ እንደገባቸው ለማረጋገጥ ጠየቁ። «መጋዘን የሚመጣው ጆንያ ሁሉ ጽሑፉ ተፍቆ ቢመጣ ኑጉን ከጥጥ ፍሬው በምን እለየዋለሁ?» አሉ። ጓድ ሰብሳቢ፣ ንቁ ሠራተኛ በጠረኑ እንደሚለየው መለሱ። ጓድ ራህመቶ፣ «እሺ፣ ማሽኑ አፍንጫ አለው?» አሉ። ጓድ ሰብሳቢ ማሽኑ የወዳጅ ሕዝብ ስጦታ መሆኑንና በአፍንጫ መቀለድ እንደማይቻል አስጠነቀቁ።

ጓድ ንዋይ ነገሩ ስሕተት መሆኑን ሊያስረዱ ሲጀምሩ ጓድ ሰብሳቢ አቋረጡ። ማሽኑ ሪባን ተቆርጦለት፣ የከተማው ባለሥልጣናት በተገኙበት ተመርቆ ሥራ የጀመረ በመሆኑ ተሳሳተ ማለት እነዚያን ሁሉ ሰዎች ተሳሳታችሁ ማለት ነው አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ማሽኑ እንዳልተሳሳተ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። «ስሕተት» የሚለው ቃልም ከእንግዲህ በዚህ ቃለ ጉባኤ እንዳይገባና በምትኩ «ልዩ ውጤት» እንዲባል ተወሰነ። ጸሐፊው ከዚህ በታች ቃሉን ያልጻፈው በዚህ ምክንያት እንጂ የሚጻፍበት ቦታ አጥቶ አይደለም።

አጀንዳ ሁለት፦ ልዩ ውጤቱን ስለማስተካከል

ጓድ ንዋይ ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ «ጋሽ ዘገዬ፣ በእናትዎ፣ እርስዎ ስሌቱ ላይ አንዲት መስመር ይጨምሩልን። ሁለተኛውን ልደት ውሰድ ይበሉት፤ ተገላገልን» ብለው ለመኑ። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። የፈራ ሰው ነው።

ጸሐፊው አልጨምርም አለ። ምክንያቱን ሲጠየቅም፣ «የማን እንደሆነ ያልተነገረኝን ቀን አልቀበልም። ሁለተኛው ነው፣ ሦስተኛው ነው ብዬ መገመት ሥራዬ አይደለም። ዛሬ ሁለተኛው የእኔ ቢሆን ነገ የማን እንደሚሆን ማን ያውቃል? መለያውን መልሱልኝ፤ ስሌቴ ያኔውኑ ልክ ይሆናል» አለ።

ጓድ ሰብሳቢ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሚዛን ቤት ጆንያ ስትቆጥር ኖረህ መጽሐፍ ገልጠህ ብቻህን ስለተማርክ ኮሚቴ ልታስተምር ትፈልጋለህ?» አሉ። ጸሐፊው፣ ኮሚቴ ማስተማር የሚቻል ነገር መሆኑን እንደማያምን መለሰ። መልሱ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ታዘዘ። የሚወጣው ነገር ምን እንደሆነ ለማሳወቅ ሲባል እዚህ ተመዝግቧል።

በዚህ መካከል ጓድ ሰብሳቢ አዲስ ሐሳብ አፈለቁ። የአባት መደብ ብቻውን ስለማይበቃ ከአባት በፊት የአያት መረጃም ይግባ፤ እሱም ያለ መለያ ይተላለፍ አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ተወሰነ። ጸሐፊው ጓድ ንዋይን፣ «ልጄ፣ አሁን ሁለተኛው ልደት የማን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ጓድ ንዋይ ካልሲያቸውን ተመለከቱ።

አጀንዳ ሦስት፦ ውጤቱን ሥራ ላይ ስለማዋል

ማሽኑ ካልተሳሳተ ሠራተኛው ሁሉ ጡረታ መውጣት እንዳለበት ጓድ ሰብሳቢ አስገነዘቡ። ጓድ ራህመቶ ነገ ጠዋት ቦይለሩን ማን እንደሚያነድድ ጠየቁ። ጓድ ጉዲቱ ለአብዮቱ በዓል ቃል የተገባውን ዘይት ማን ጠርሙስ ውስጥ እንደሚሞላ ጠየቁ።

ጓድ ሰብሳቢ መፍትሔ አገኙ። ጡረታው በአንድ ጊዜ በሁሉም ላይ ከሚፈጸም በናሙና ይጀመር አሉ። ናሙናውም በዕድሜ የሁሉም ታላቅ ይሁን ተባለ። ወረቀቱ ሲታይ ታላቁ ዘገዬ ይርጋለም፣ ዘጠና አንድ ዓመት፣ ሆኖ ተገኘ።

ጸሐፊው ልናገር ብሎ ጠየቀ። ድምፅ ባይኖረውም እንዲናገር ተፈቀደለት። «ዘጠና አንድ ዓመት የሚሆነው አባቴ ይርጋለም ነው፤ ቢኖር። ሸማኔ ነበር። ዕድሜ ልኩን ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ ሲሸምን ኖሮ አንድ ቀን የመንግሥት ደመወዝ ሳይቀምስ ሞተ። እሱን ጡረታ ማውጣት ከፈለጋችሁ በሕይወት እያለ ነበር። እኔ ለመውጣት ሁለት ዓመት ይቀረኛል። ያቺን ሁለት ዓመት በማሽኑ ላይ ልሠራባት እፈልጋለሁ። ሌላ የምፈልገው የለኝም» አለ።

ጓድ ሰብሳቢ «የሟቹን ነፍስ ...» ካሉ በኋላ ንግግራቸውን አቁመው፣ አባትን ማክበር መልካም እንደሆነ፣ ነገር ግን ፊውዳላዊ ስሜት እንዳይሆን መጠንቀቅ እንደሚገባ ተናገሩ።

ለድምፅ ቀረበ። ጓድ ሰብሳቢ ደገፉ። ጓድ ጉዲቱ፣ «እሱ ካልሆነ ቀጥሎ ያለው ሰማንያ አራት ነው፤ እሱ ደግሞ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ ልጄ ወተት ይፈልጋል» ብለው እጃቸውን አወጡ። ጓድ ራህመቶ ተቃወሙ፤ መቃወማቸውንም ሁለት ጊዜ እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። ተቃውመዋል። የጓድ ንዋይ እጅ ከጆሮ ከፍ ከራስ ዝቅ ብሎ ስለታየ፣ ድጋፍ ነው ወይስ ራስ ማከክ የሚል ክርክር ተነሣ። ጓድ ሰብሳቢ ድጋፍ ነው ብለው ወሰኑ።

በዚህ መሠረት ዘገዬ ይርጋለም ከነገ ጀምሮ ጡረታ እንዲወጣ፣ የሠራው የቀን ስሌትም ከማሽኑ እንዲደመሰስ ተወሰነ። ይህን ዓረፍተ ነገር በራሱ እጅ የጻፈው ዘገዬ ይርጋለም ነው።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ጓድ ሰብሳቢ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ላንድሮቨር በር ላይ ቆሞ ስለሚጠብቅ ቃለ ጉባኤው በእሱ ለበላይ መሥሪያ ቤት ይላክ አሉ። ዘመናዊ መልክ እንዲኖረውም የተገኙት አባላት ዝርዝር ከነዕድሜያቸው፣ ከነሥራቸውና ከነሁኔታቸው በማሽኑ ታትሞ ይያያዝ አሉ። ጓድ ንዋይ፣ «ጓድ ሰብሳቢ፣ መለያዎቹ እኮ አሁንም ...» ሲሉ ጀመሩ። ጓድ ሰብሳቢ፣ «ተወስኗል ብያለሁ! አትም!» አሉ። ጓድ ንዋይ አተሙ። ስሌቱ ገና ስላልተደመሰሰ፣ የአያት መረጃም ገና ስላልገባ ርክክቡ እንደወትሮው ተፈጸመ።

ጓድ ሰብሳቢ ወረቀቱን ከማሽኑ ቀድደው ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። የተነበበው እንደሚከተለው ነው፦

ሰብስቤ ኃይለጊዮርጊስ። ዕድሜ፣ ሰባ ሰባት። ሥራ፣ ቄስ። ባለትዳር። በሕይወት ያለ።

እዚህ ላይ ማንበባቸውን አቆሙ። አባታቸው መምሬ ኃይለጊዮርጊስ በወለንጪቲ እንደሚቀድሱ አገር ያወቀው ነገር ነው። ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነበር እንጂ ለበላይ መሥሪያ ቤት የሚላክ አልነበረም። ጓድ ራህመቶ ወረቀቱን ተቀብለው የቀረውን አነበቡ፦

ጉዲቱ ሮባ። ዕድሜ፣ ሰማንያ አራት። ሥራ፣ ግመል ነጋዴ። ባለ ሁለት ሚስት። በሕይወት ያለ።

ራህመቶ ሄራሞ። ዕድሜ፣ ሰባ። ሥራ፣ ገበሬ። ባለትዳር። በሕይወት የሌለ።

ንዋይ ካሣ። ዕድሜ፣ ስልሳ አንድ። ሥራ፣ የባቡር ጣቢያ ዘበኛ። ባለትዳር። በሕይወት ያለ።

ዘገዬ ይርጋለም። ዕድሜ፣ ዘጠና አንድ። ሥራ፣ ሸማኔ። ባለትዳር። በሕይወት የሌለ።

ጓድ ጉዲቱ፣ «ሁለት ሚስት ካሉኝ አንደኛዋ መጥታ ልጁን ትያዝልኝ!» አሉ። ሲስቁም ጊዜ ወሰደባቸው። ጓድ ራህመቶ ከወንበራቸው ተነሥተው በባዶ እግራቸው ወደ ጓድ ሰብሳቢ ቀረቡና ጎንበስ ብለው፣ «መምሬ፣ እኔ እንግዲህ ሞቻለሁ። ይፍቱኝ» አሉ። ጓድ ሰብሳቢ ነጩን ካፖርት እንደለበሱ ወደኋላ ሸሹ። ካፖርቱ ነገሩን አባባሰው።

ላንድሮቨሩ ደጅ ላይ ጥሩምባ ነፋ።

ጓድ ሰብሳቢ ወረቀቱ ስሕ... ልዩ ውጤት ነው አሉ። ጸሐፊው በአጀንዳ አንድ ማሽኑ እንዳልተሳሳተ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን፣ ጓድ ሰብሳቢም እጃቸውን ካወጡት አንዱ መሆናቸውን አስታወሰ። እንግዲህ ወይ ማሽኑ ልክ ነው፣ ጓድ ሰብሳቢም ቄስ ናቸው፤ ወይ ጓድ ሰብሳቢ ቄስ አይደሉም፣ ጸሐፊውም ዘጠና አንድ ዓመቱ አይደለም። ሁለቱ አብረው የመጡ ስለሆኑ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም አለ። ጓድ ራህመቶ ደግሞ ከአራት ድምፅ ሰጪ አንዱ ሟች፣ ሦስቱ ጡረተኛ ስለሆኑ ምልዓተ ጉባኤው ከመጀመሪያውም አልተሟላም የሚል የሥርዓት ጥያቄ አነሡ።

ጥሩምባው ደግሞ ነፋ።

ጓድ ሰብሳቢ ላባቸውን በካፖርቱ እጅጌ ጠረጉ። ማቀዝቀዣው እየሠራ ነበር። ከዚያም የታተመው ወረቀትና ይህ ቃለ ጉባኤ አሁኑኑ ቦይለር ውስጥ ገብተው ይቃጠሉ አሉ። ተደገፈ፤ ተወሰነ። ጓድ ራህመቶ፣ «የሞተ ሰው እሳት አያነድድም» ብለው ወረቀቱን አልቀበልም አሉ። ጸሐፊው፣ ወረቀቱ ሲቃጠል ጡረታውም አብሮ ይቃጠል እንደሆነ ጠየቀ። ጓድ ንዋይ በስብሰባው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠየቁ ተናገሩ። ወረቀት ቢቃጠልም ውሳኔው ካልተሻረ ማሽኑ ነገ ጠዋት ያንኑ ዝርዝር ደግሞ እንደሚያትመው፣ ጓድ ሰብሳቢም ነገም ቄስ እንደሚሆኑ አስረዱ።

ጓድ ሰብሳቢ በዚህ ጊዜ ጠረጴዛውን መትተው፣ «ይህ ኮሚቴ የወሰነው ሁሉ፣ የዛሬውም የባለፈው ወርም፣ አንድም ሳይቀር እንዳልተወሰነ ይቆጠር! ጻፍ!» አሉ።

ጸሐፊው ጻፈ። ከአጭር ውይይት በኋላ፣ በሟቹ ድምፅ ጭምር፣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦ የወሰንነው ሁሉ ተሽሯል። መለያዎቹ ወደ ርክክቡ ይመለሳሉ። የአያት ጉዳይ ቀርቷል። የዘገዬ ይርጋለም ጡረታ ቀርቷል። ስሌቱ አይደመሰስም። ማሽኑም እንደማንኛውም ማሽን መሳሳት ይችላል።

ጓድ ሰብሳቢ እጃቸውን ዘርግተው፣ «በል አምጣው፤ ይቃጠል» አሉ። ጸሐፊው፣ ይቃጠል የሚለው ውሳኔም ዛሬ የተወሰነ ስለሆነ አብሮ መሻሩን ገለጸ። ጓድ ሰብሳቢ፣ «እሱን ማለቴ አልነበረም!» አሉ። ጸሐፊው፣ «ሁሉም አሉኝ። የትኛው እንደሚቀር መለያ አላደረጉበትም። እኔ ደግሞ አልገምትም» አለ።

ላንድሮቨሩ ባዶ እጁን ሄደ። ሌላ ጉዳይ ስላልነበረ ስብሰባው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። ጓድ ሰብሳቢ በችኮላ አንዱን እግር የራሳቸውን፣ አንዱን እግር የጓድ ንዋይን ጫማ አድርገው ወጡ። ጓድ ንዋይ መለያዎቹን ሊመልሱ በካልሲ ማሽኑ ፊት ተቀምጠዋል። ጸሐፊው ሲያልፍ ጓድ ጉዲቱ እጁን ጨበጡ። ሌላ ይቅርታ ያለ የለም።

ነገ በሁለት ሰዓት ሥራዬ ላይ እገኛለሁ። ይህን ወረቀት የሚያነብ ያንብበው። እኔን ግን ማንም አይጠይቀኝ፤ ኮሚቴም ቢሆን፣ ልጄም ቢሆን፣ መምሬ ኃይለጊዮርጊስ ራሳቸው ከወለንጪቲ ቢመጡም። ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም።

ዘገዬ ይርጋለም
ጸሐፊ፣ በሕይወት ያለ